ያለ ፍትሐት

ሐል ጋርሳ፣ ማልታ
ኤፕሪል 23 ቀን 1961

ለውድ ወንድሜ ለዊስቲን፣

ይህ ደብዳቤ አንተን፣ ሊናንና ገና በሆዷ ያለውን ልጃችሁን በሙሉ ጤና እንዲያገኛችሁ እመቤታችንን እየለመንኩ እጽፋለሁ። እኛ ደህና ነን። አባባን ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ምግቡን ይበላል፤ ወደ አደባባዩም በእግሩ ይወርዳል። ዘንድሮ ባቄላው ጥሩ ይዟል።

ዊስቲን፣ የምለምንህ ነገር ስላለ ነው ቶሎ የጻፍኩልህ። እዚህ የሆነውን ሳትሰማ አትቀርም። የአባባ ፓርቲ፣ የሠራተኞቹ ማለቴ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ተጣልቷል። እነሱ «ካህናት በመንግሥት ሥራ አይግቡብን» ይላሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ነገሩን እምነትን እንደ መንካት ቆጥራዋለች። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ በቅዳሴ መካከል ደብዳቤ ተነበበ። የፓርቲው መሪዎች ተወግዘዋል። ጋዜጣቸውን የሚያነብ፣ የሚሸጥ፣ የሚያከፋፍል ሁሉ ከባድ ኃጢአት ይሆንበታል ተባለ። ትቼዋለሁ ብሎ ካልተናዘዘ ሥርየት አያገኝም፤ ሥርየት ከሌለ ደግሞ ቁርባን የለም።

አባባ አጠገቤ ነበር። ደብዳቤው ተነቦ ሳያልቅ ተነሣ። ሰው ሁሉ ዞሮ እያየው በመሃል መንገድ ቀስ ብሎ ወጣ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቀረሁ። ቤት ስገባ ያንኑ ጋዜጣ ዘርግቶ አገኘሁት።

«አባባ፣ ዛሬ እንኳ?» አልኩት።

«ዛሬማ በደንብ ነው የማነበው። ምን ቢኖርበት እንዲህ እንደተቆጡ ማወቅ አለብኝ።»

«ነፍስህስ?»

«ነፍሴ እዚሁ ከእኔ ጋር ናት። መነጽሬን አቀብይኝ።»

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በእንግሊዞቹ የመርከብ መጠገኛ ቦይለር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ፓርቲው ለእሱ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ፓርቲህን ተው በለው አልልህም። ጋዜጣውን ብቻ ይተው። የፓርቲው ክበብም ለጊዜው ይቅርበት። እኔን አይሰማኝም፤ አንተን ግን ይሰማሃል። እባክህ ጻፍለት።

የእማዬ አምላክ ይጠብቅህ።

እህትህ ቸንሳ


ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ
ጁላይ 2 ቀን 1961

ለምወድሽ እህቴ ለቸንሳ፣

የናፍቆት ሰላምታዬ ባሕሩን አቋርጦ ይድረስሽ። እኛ ሁላችንም በጤና አለን። ምላሼ በመዘግየቱ ይቅር በይኝ፤ በመካከሉ ትልቅ ደስታ ገብቶ ነው። ሊና በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ ናት። በእማዬ ስም ፊሎሜና ብለናታል። ክርስትናዋም ባለፈው እሑድ ሆነ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ነበር። የአገራችን ሰዎች መጡ፣ ጎረቤቶቻችን አየርላንዶቹ መጡ፣ የብረት ማቅለጫው አለቃዬ እንኳ መጣ። እሱ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ ከኋላ ተቀምጦ ሲነሡ ተነሣ፣ ሲቀመጡ ተቀመጠ። ማንም ምንም አላለውም። ሊና አንቺ የላክሽላትን ጥልፍ ነው ያለበሰቻት። ሁሉም ማን ሠራው እያሉ ሲጠይቁ ዋሉ።

ስለ አባባ የጻፍሽውን አነበብኩ። ለእሱ ለብቻው ጽፌለታለሁና አንቺ አትጨነቂ። ጊዜ ያበርደዋል።

ሰላም ሁኚልኝ።

ወንድምሽ ዊስቲን


ሐል ጋርሳ
ኤፕሪል 1 ቀን 1962

ለወንድሜ ለዊስቲን፣

እግዚአብሔር ቤትህን ይባርክ። ፊሎሜና ጥርስ ማብቀሏን ሰምቼ ደስ አለኝ። አንድ ካልሲ ሠርቼላታለሁ፤ ሁለተኛው ሲያልቅ እልከዋለሁ።

ምርጫው አለፈ፤ የአባባ ፓርቲ ተሸነፈ። ከዚያ በፊት የነበረው ወር ግን አይነሣ። እነሱ አደባባዩ ላይ ስብሰባ በጠሩ ቁጥር ተናጋሪው እንዳይሰማ የደብሩ ደወል ይደወላል። ሴቶቹና ልጆቹ ደግሞ ፊሽካ ይነፋሉ። ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔው ልንገርህ፤ እኔም ፊሽካ ይዤ ወጥቻለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ሴቶች ጋር ደረጃው ላይ ቆመን ነፋን። አባባ ከታች ሕዝቡ መካከል ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝ። ራት ላይ ሾርባውን እየጠጣ «አፍሽ አልደከመም?» አለኝ።

ለንስሐ በገባሁ ጊዜ ቆሞሱ «ጋዜጣው ቤትሽ ይገባል?» አሉኝ። ይገባል አልኩ። «እንዲገባ እየፈቀድሽ እኔ ሥርየት ልሰጥሽ አልችልም» አሉኝ። አርባ ዓመቴ ነው፤ ሥርየት ተከልክዬ አላውቅም። ቤት መጣሁና አባባ ደጅ ሳለ ጋዜጣውን ከምድጃው ከተትኩት። ሲመጣ ነገርኩት።

«አንብቤው ነበር» አለኝ። «ግን ቤቱ ቀዝቅዟል፤ ደግ አደረግሽ።»

ጋዜጣውን የሚያመጣለት ከፊት ለፊታችን ያለው ፑብሊዩ ነው። የጂሎርማ ባል። እሱ እየዞረ ይሸጠዋል። ከጂሎርማ ጋር በልጅነት የመጀመሪያ ቁርባናችንን አብረን ተቀብለናል፣ ታውቃለህ፤ አሁን ግን ከእነሱ ቤት እንድርቅ ተነግሮኛልና ሰላም አልላትም። ስትወጣ ካየኋት ቆይቼ እወጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት ካህናቱ በየቤቱ ጸበል እየረጩ ዞሩ። ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አንጥፌ፣ ሻማ አብርቼ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ወጣቱ ቄስ አባ አንጀሉ የጂሎርማን በር አለፉት። ከዚያ ወደ እኛ መጡና የእኛንም አለፉት። ሲያልፉ መሬት መሬት ነበር የሚያዩት። ጨርቁን ሳጥፍ አባባ «ቤቱ ንጹሕ ነው ቸንሳ፣ አንቺ ጠርገሽዋል» አለኝ።

አንድ ነገር ንገረኝ ዊስቲን። ያንተን ደብዳቤ በሸሚዙ ኪስ ይዞት ይዞራል። ሸሚዙን ሳጥብ አውጥቶ ይይዘዋል፤ ሲለብስ መልሶ ይከተዋል። እንዳነበው አልሰጠኝም። «ዊስቲን ደህና ነው ይልሻል» ብቻ ነው ያለኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ግትርነቱ ከበፊቱ ባሰ። ምን ብለህ ነው የጻፍክለት?

ቸንሳ


ሜልቦርን
ኦገስት 19 ቀን 1962

ውድ ቸንሳ፣

ጤናሽን እመኛለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ብርዱ ግን ዘንድሮ በርትቷል። ማቅለጫው ሥራ በዝቶበት ቅዳሜም እየገባን ነው።

አባባን ተይው። ትልቅ ሰው ነው፤ የሚያደርገውን ያውቃል። እዚህ ሰው ማንን እንደመረጠ ቄስ አይጠይቀውም። አብረውኝ ከሚሠሩት መካከል ግሪክ አለ፣ ሉተራን አለ፣ ምንም የማያምንም አለ፤ ምሳችንን አንድ ላይ ነው የምንበላው። የእናንተን ነገር ስነግራቸው አያምኑኝም። አንቺም ብትመጪ ይህን ሁሉ ትረሺዋለሽ። የጉዞ ወረቀትሽን እኔ ልጨርስልሽ እችላለሁ። አስቢበት።

ለአባባ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሁላችንም እንደምናስበው ንገሪው።

ዊስቲን


ሐል ጋርሳ
ዲሴምበር 1 ቀን 1963

ለወንድሜ፣

ቴሌግራሙ እንደደረሰህ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ያጽናህ፤ እኔንም ያጽናኝ። አባባ ኖቬምበር 11 ጠዋት አረፈ። ብዙ አልተሠቃየም። በማግሥቱ ተቀበረ። አየሩ ጥሩ ነበር። ልብሶቹን ለድኾች ሰጥቻለሁ፤ መነጽሩን ለአንተ አስቀምጫለሁ።

ተጨማሪ ልጽፍልህ አልቻልኩም። ለሊና ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ቸንሳ


ሜልቦርን
ዲሴምበር 22 ቀን 1963

እህቴ ቸንሳ፣

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ብቻሽን መሸከምሽ ነው የሚያቃጥለኝ። ቴሌግራሙ የደረሰኝ ሥራ ላይ ነበር፤ አለቃዬ እጄን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝ። እዚህ ያሉት የአገራችን ሰዎች ሁሉ መጥተው አጽናንተውኛል። የሙት ቅዳሴም አስደርጌለታለሁ። ቄሱ «የሕሙማንን ቅብዐ ቅዱስ ተቀብሏል?» ብለው ሲጠይቁኝ «እንዴታ፣ እህቴ እኮ የመሠዊያ ልብስ ጠላፊ ናት» አልኳቸው።

ሁሉንም ንገሪኝ። ሲያርፍ ማን ነበር? ምን አለ? ማን ተሸከመው? ፍትሐቱን ያደረሱት ቆሞሱ ናቸው ወይስ አባ አንጀሉ? ከእማዬ በየት በኩል ተኛ፣ በግራዋ ነው በቀኟ? የምጠይቅሽ ዓይኔን ስጨፍን እንዳየው ነው። እዚህ ሆኜ የማደርገው ሌላ ነገር የለኝም።

በቶሎ ጻፊልኝ።

ዊስቲን


ሐል ጋርሳ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964

ውድ ዊስቲን፣

ሰላምህ ይብዛ። ስላስደረግከው ቅዳሴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እዚህ ዝናቡ በርትቶ የጓሮው ግንብ በአንድ በኩል ተንዷል፤ የሚሠራው ሰው ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጥሮኛል። የለውዙ ዛፍ አብቧል። የፊሎሜና ፎቶግራፍ ደርሶኛል፤ አፍንጫዋ የእማዬ ነው። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል።

እህትህ ቸንሳ


ሜልቦርን
ኤፕሪል 5 ቀን 1964

ቸንሳ፣

ስለ ለውዝ ዛፍ አልጠየቅኩሽም።

ባለፈው ቅዳሜ ሠርግ ነበርን። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ ባለፈው ወር በመርከብ የመጣው፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ደረሰን። ልጁ ክፋት የለውም፤ ያወቅኩ መስሎት ነው። ቢራውን እንደያዘ «አባትህን ያኖሯቸው ከመቃብሩ ግንብ ማዶ ነው አይደል፣ ከእነ ፑብሊዩ ጋር?» አለኝ። ሰው ሁሉ ይሰማል። ምን ልበለው? አዎ አልኩ። ከዚያ ወጥቼ መንገድ ላይ ተቀመጥኩ።

ከግንቡ ማዶ፣ ባልተባረከው መሬት፣ ያለው ምን እንደሆነ ልጅ ሆነን እናውቃለን። ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት፣ ባሕር የተፋቸው ስማቸው የማይታወቅ ሰዎች። አባቴን እዚያ? ያለ ደወል፣ ያለ ፍትሐት? አንቺ ደግሞ አየሩ ጥሩ ነበር ብለሽ ትጽፊልኛለሽ። ሃያ ዓመት ለመሠዊያቸው ስትጠልፊ ኖረሽ ለአባትሽ አንዲት ቃል መናገር አቃተሽ? ወይስ ያንቺም ፈቃድ ነበር? ፊሽካ ይዘሽ የወጣሽባትን ቀን አልረሳኋትም።

እውነቱን ጻፊልኝ፤ አለዚያ ከእንግዲህ አትጻፊልኝ።

ዊስቲን


ሐል ጋርሳ
ሜይ 17 ቀን 1964

ወንድሜ ዊስቲን፣

እውነቱን እጽፍልሃለሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ይህን ግን አልቀድም።

አባባ በኦክቶበር መጨረሻ አልጋ ያዘ። አፉ ገና ሲናገር ቆሞሱ ወረቀት ይዘው መጡ። ፓርቲውንና ጋዜጣውን ትቻለሁ የሚል ነው፤ እንዲፈርም። አባባ አይቶት «እጄ ይንቀጠቀጣል» አላቸው። «እንግዲያስ በአፍህ በለው ናርዱ፣ ይበቃኛል» አሉት። «አፌ ደህና ነው፣ ግን አይለውም» አላቸው። ወረቀቱን አጥፈው ሄዱ። እኔ በር ድረስ እየተከተልኩ ለመንኳቸው። «ልጄ፣ እኔ የከለከልኩት ነገር የለም፤ በሩን የዘጋው እሱ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ግማሽ አካሉ ያዘው፤ መናገር ተወ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አባ አንጀሉ ብቻቸውን መጡ። የቅብዐ ቅዱሱ ዘይት በቦርሳቸው ነበር። አልጋው ላይ ተቀምጠው እጁን ያዙና በጆሮው «ናርዱ፣ ባጠፋሁት ሁሉ ተጸጽቻለሁ ካልክ ራስህን ብቻ ነቅንቅልኝ» አሉት። እኔ በሌላው ጎን ቆሜያለሁ። አባባ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነበር። ይስማ አይስማ እንጃ። አልነቀነቀም።

አባ አንጀሉ ቆዩ፤ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ማድቤት ጠሩኝ። መነጽራቸውን አውልቀው በልብሳቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

«ቸንሳ፣ የእኔ ዓይን ደካማ ነው» አሉኝ። «አንቺ ከፊት ለፊቱ ነበርሽ። ነቀነቀ?»

ምን እንደሚጠይቁኝ ገብቶኛል ዊስቲን። አልገባኝም ብዬ አልዋሽህም። ነቅንቋል እንድል ነው የፈለጉት። ካልኩ ቀብተውት፣ ፍትሐቱን ጸልየው፣ ከእማዬ ጎን ሊያስተኙት። ለቆሞሱም ምስክር የምሆነው እኔ ነኝ።

«አልነቀነቀም አባ» አልኳቸው።

«በደንብ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ። አባባ በማግሥቱ ጠዋት አረፈ።

ለምን እንዳልኩ ብትጠይቀኝ፣ በመጀመሪያ በቄስ ፊት መዋሸት ከበደኝ። እኔ ያወቅኩት ሃይማኖት ይኸው ነው፤ ያላዩትን አየሁ አለማለት። ግን ያ ብቻ አይደለም። ተቀይሜው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በሄድኩበት ሰው ሲንሾካሾክብኝ፣ የጀመርኩትን የመሠዊያ ጨርቅ ለሌላ ሴት ሲሰጡብኝ፣ እሱ ሾርባውን እየጠጣ ይቀልዳል። በዚያች ደቂቃ ውስጤ «ይበለው» የሚል ነገር ነበር። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ነበር።

አራት የክበቡ ሰዎች ተሸከሙት። ደወል አልተደወለም። እኔ ከኋላ ሄድኩ። ግንቡ በር ስደርስ ቆምኩ። የማኅበሩ ሴቶች እንዳትገቡ ተብለን ነበርና ከበሩ ወዲህ ቆሜ ቀረሁ። አፈሩ ሲወድቅ ሰማሁት እንጂ አላየሁትም። ያንተን ደብዳቤ በሸሚዙ ኪስ እንዳለ ተዉት ብያለሁ ለገነዙት ሰዎች፤ ሳላነበው አብሮት ሄደ። ከእማዬ ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነው።

አሁን እንደፈቀድክ አድርግ። ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍም፤ ለምን እንደምጽፍ ራሴም አላውቅም።

ቸንሳ


ሜልቦርን
ኖቬምበር 14 ቀን 1965

እህቴ ቸንሳ፣

ዓመት ከስድስት ወር አልጻፍኩልሽም። ተቆጥቶ ነው ብለሽ ይሆናል። መጀመሪያ እውነትም ተቆጥቼ ነበር፤ አንድ ወር ያህል። የቀረው ፍርሃት ነው።

በዚያ በ1961 ያንቺ ደብዳቤ በደረሰኝ ሳምንት ከአባባም ደብዳቤ መጥቶልኝ ነበር። አንቺ አታውቂም። በእርሳስ ነው የጻፈው። አሁንም እጄ ላይ አለ፤ እንዳለ ልገልብጥልሽ፦

«ልጄ ዊስቲን፣ ቸንሳ ታለቅሳለች። ከእኔ ስትደበቅ እኔ እሰማለሁ። ጋዜጣው ለእኔ ያን ያህል አይደለም፤ ግማሹ ማስታወቂያ ነው። ክበቡም ወሬ ነው። ለእሷ ስል ብተወው እኔ አልጎዳም። ግን ሰዎቹ ፈራ ይሉኛል ብዬ አስባለሁ። አንተ ዓለም አይተሃል። ተው ካልከኝ እተዋለሁ። ምን ትላለህ?»

አየሽ፣ ሊተው ነበር። አንድ ቃል ነው የጠየቀኝ።

እኔ ምን ብዬ እንደመለስኩለት በቃሌ አውቀዋለሁ። «አባባ፣ እንዳትንበረከክላቸው። እዚህ ያለን ሁላችን በአንተ እንኮራለን። ጽና» አልኩት። የጻፍኩት እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ ተመልሼ፣ ቆርቤ፣ ምሳዬን በልቼ። የልጄ ክርስትና የሚቀጥለው እሑድ ነበር። እኔ አንድ ቀን ቁርባን አልተከለከልኩም። ማንም በሬን ዘሎት አላለፈም። የዚህ አገር ቄስ ስሜን እንኳ በቅጡ አያውቀውም። ሥራ ቦታ ግን ምሳ ስንበላ የአባቴን ነገር እያወራሁ፣ ሰዎቹ «አባትህ ወንድ ነው» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ደስታው የእኔ ነበር፤ የሚከፍለው እሱና አንቺ።

ምን ብለህ ነው የጻፍክለት ብለሽ ስትጠይቂኝ ስለ ብርዱ ጻፍኩልሽ። ኋላ ያን ሁሉ ስሰድብሽ ይህ ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

አንቺ ያየሽውን ተናገርሽ። እኔ ያላየሁትን አዘዝኩ። ሊናም እስከ ዛሬ ይህን አታውቅም። ዳግመኛ የሙት ቅዳሴ ባስደርግ ለእሱ ይሁን ለእኔ ስለማላውቅ ትቼዋለሁ።

መልስ ባትጽፊልኝ አልቀየምም።

ዊስቲን


ሐል ጋርሳ
ኖቬምበር 16 ቀን 1969

ለወንድሜ ለዊስቲን፣

ለአንተ፣ ለሊናና ለልጆቹ ጤናና ሰላም ይሁን። አራት ዓመት ሙሉ ከገና ካርድ በቀር አልላክሁልህም። ደብዳቤህን አንብቤ ካስቀመጥኩት በኋላ ብዙ ጊዜ ልመልስልህ ተቀምጬ ነበር። አንተን መውቀስ ስጀምር ራሴ ትዝ ይለኛል፤ ራሴን መውቀስ ስጀምር ደግሞ አንተ ትዝ ትለኛለህ። በዚህ መካከል ዓመቱ ይሄዳል።

አሁን የጻፍኩልህ የሆነ ነገር ስላለ ነው። በዚህ ዓመት በኤፕሪል ቤተ ክርስቲያንና ፓርቲው ታረቁ። ተስማምተው ፈረሙ አሉ። በእሑዱ ቅዳሴ መጨረሻ ላይ ተነበበ፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀ። ከዚያ ሕዝቡ ወደ ምሳው ሄደ። የፓርቲው ሰዎችና የማኅበራችን ሴቶች በሩ ላይ እየተገፋፉ ወጡ፤ አንዱ ለሌላው «እለፊ፣ እለፍ» ይላል። እኔ አግዳሚው ላይ ቀረሁ።

የዱሮው ቆሞስ ሞተዋል። አባ አንጀሉም ወደ ሌላ ደብር ከተዛወሩ ቆይተዋል። አዲሱ ቆሞስ ጋ ሄጄ አባቴን አውጥቼ ከእናቴ ጎን ላስተኛው እችላለሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። እንዴት ብዬ እንደምናገር ስንት ቀን ሳጠና ነው የሰነበትኩት።

«ትችያለሽ፣ ምን ችግር አለው?» አሉኝ። በስልክ ሌላ ሰው እያነጋገሩ ነበር፤ በእጃቸው ተቀመጪ አሉኝና ወረቀቱን እዚያው ጻፉልኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ከመቃብር ቆፋሪው ጋር ሄድን። በዚያ በር ለመጀመሪያ ጊዜ ገባሁ። ስንት ጊዜ ሳስበው ትልቅ ሜዳ ይመስለኝ ነበር፤ ትንሽ ነው፤ የእኛን ጓሮ ያክላል። ሣሩ ረዝሟል። ቆፋሪው ቦታውን ያውቃል። ድንጋዩን አንሥቶ እየቆፈረ ወረደ፤ ትንሽ ቆይቶ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምነው?» አልኩት።

«አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሦስት ናቸው» አለኝ። «ሣጥኖቹ ርካሽ ስለነበሩ ተሰባብረው አንድ ላይ ወርደዋል። የቱ ነው ያንቺ?»

አንዱ አባባ ነው። አንዱ የጂሎርማ ባል ፑብሊዩ፤ እሱ አባባ ከመሞቱ በፊት በዚያው ዓመት በጁላይ ነው የሞተው። ሦስተኛው ጃማሪ ነው፤ ክበቡን ይጠርግ የነበረው ወንደላጤ፣ ዘመድ የሌለው። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ለማወቅ ሞከርኩ ዊስቲን። የወለደኝ ሰው ነው፤ አንድ ምልክት አላጣም ብዬ ነበር። ልብስ የለ፣ ወረቀት የለ። የቱ አባቴ እንደሆነ አላወቅኩም። ቆፋሪው ሰዓቱን ያያል። «ዝጋው» አልኩት።

የሌላ ሰው ባል መቃብር ነክቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። በዚያው ወደ ጂሎርማ ቤት ሄድኩና አንኳኳሁ። ከስምንት ዓመት በኋላ ማለት ነው። በሩን ከፍታ ቆመች።

«መንገዱ ዛሬ ጠበበልሽ?» አለችኝ።

«ጂሎርማ፣ መቃብሩን አስከፍቼ ነበር። የእኔንም ያንቺንም።»

ትንሽ አየችኝና ግቢ አለችኝ። ለሾርባ ዱባ እየከተፈች ነበር፤ ተመልሳ ተቀመጠችና ቢላዋዋን አነሣች። የሆነውን ነገርኳት። ሣጥኖቹ እንደተሰባበሩ፣ ሦስቱም እንደተቀላቀሉ። ስትሰማኝ እጇ አልቆመም።

«ይቀመጡ እንግዲህ» አለች። «ሲከራከሩ ይውሉ ነበር፤ አሁንም አያጡትም። ድንጋይ ካስቀመጥሽ የሦስቱንም ስም ጻፊ። ጃማሪን የሚያስታውሰው የለም።»

እሺ አልኳት። መሄድ ሲገባኝ አልሄድኩም። ለማንም ያልነገርኩትን፣ ለአንተ ብቻ የጻፍኩትን፣ የአባ አንጀሉን ጥያቄ ነገርኳት። አልነቀነቀም ማለቴን ነገርኳት።

ቢላዋው ያኔ ቆመ።

«እኔንም እኮ ስለ ፑብሊዩ ጠይቀውኛል» አለች። «እዚሁ ቆመው፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ። ነቅንቋል አልኳቸው። ሁለት ጊዜ ነቅንቋል አልኳቸው። ምን ሊነቀንቅ፣ ከሞተ ሰዓት አልፎት ነበር። አባ አንጀሉ ሮጠው ለቆሞሱ ነገሩልኝ። ቆሞሱ አላመኑም። የጋዜጣ ሻጭ ሚስት ቃል ነው አሉ።»

ዊስቲን፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ያቺ ቃል ከአፌ ብትወጣ ኖሮ አባባ ከእማዬ ጎን ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት። ይህን ስሰማ ከላዬ ሸክም የወረደ መስሎኝ ነበር። ለካ ብልም ባልልም አንድ ነበር ብዬ ልተነፍስ ስል አንድ ነገር መጣብኝ።

«እኔ ብል ኖሮስ?» አልኳት። «እኔንም ባላመኑኝ ነበር፣ አይደል?»

ጂሎርማ የዱባውን ፍሬ በመዳፏ ሰብስባ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አኖረች።

«አንቺን ያምኑሽ ነበር» አለችኝ። «የመሠዊያቸውን ልብስ የምትጠልፊ ሴት ነሽ። ለማጽናናት ብዬ አልዋሽሽም።»

ከዚያ በእግሯ ወንበር ገፋ አድርጋ ሰጠችኝ፤ ሌላ ቢላዋም ከመሳቢያው አወጣች። የቀረውን ዱባ አብረን ከተፍን።

እህትህ ቸንሳ